ክሪክ የጠጣው ውኃ

ነፋሴ ጎሚስታ ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ የሚሸጠው አየር፣ የሚያወራውም አየር ነው ብለው። ጎማ እየፈታ ከሚነግራቸው ወሬ ግማሹ ውሸት ነው፤ ሌላውን ግማሽ ደግሞ እሱ ራሱም አያምነውም። አንድ ጊዜ የከባድ መኪና ጎማ ሲነፋ አየሩ በዝቶበት፣ ጎማውን እንዳቀፈ ከመብራት ሽቦው በላይ ተንሳፍፎ፣ የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ ከላይ ቃኝቶ፣ ቀስ ብሎ እያስተነፈሰ ወርዷል። ይህን የሰሙ ጎረቤቶች ጣሪያቸውን አስጠግነዋል።

ውሻው ክሪክ ይባላል። ክሪክ መኪና ከመሬት የሚነሣበት ብረት ነው። ውሻውም ገና ቡችላ ሳለ ባገኘው ጎማ ሥር ሁሉ የኋላ እግሩን ክሪክ እንዳስገቡበት ብድግ ስለሚያደርግ ስሙ ከዚያ መጣ። ቀይ ነው፤ አንዱ ጆሮው ቀጥ ያለ፣ አንዱ የተንጠለጠለ። ነፋሴ እንደሚለው ቀጥ ባለው ጆሮ የሚተነፍስ ጎማ ከወንዝ ማዶ ይሰማል፣ በተንጠለጠለው ደግሞ የነፋሴን ሚስት ንዝንዝ ይከላከላል።

"ይህን ጆሮ ለእኔ ቢሰጠኝ ምን ነበረበት!" ይላል፣ ሚስቱ እየሰማች።

"አንተማ ሁለቱም ተንጠልጥለዋል" ትለዋለች እሷ፣ ከቁርስ ሰሃኑ ላይ ቀና ሳትል።

ልጆቻቸው አድገው በየፊናቸው ከሄዱ ወዲህ በር ላይ የሚቀበላቸው ክሪክ ብቻ ነው። ነፋሴ ይህን ለማንም አይናገርም። የሚናገረው ሌላ ነው። ክሪክ ሲጋራ ያጨሳል ይላል። "እኔ ሳንቀላፋ ከኪሴ መዥረጥ ያደርግና ጎማ ክምሩ ላይ ወጥቶ ያጨሳል። ጭሱን የሚያስወጣው በዚህ ቀጥ ባለው ጆሮው ነው። ካላመናችሁ አሽትቱት!" ያሸተቱትም ነበሩ። እውነትም ጸጉሩ ሲጋራ ሲጋራ ይሸት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ሾፌር ሁሉ ከሚያጨስበት ቤት የሚውል ውሻ ምን ሊሸት ኖሯል? ወሬው ግን ሰፈር ለሰፈር ተሰማ፤ የሚያጨሰውን ውሻ ለማየት ብሎ ደህና ጎማውን ያስፈታ ሰው ሳይኖር አይቀርም።

በጎሚስታ ቤቱ አንድ ሕግ ብቻ ነበር። ቤቱ ማስቲሽ አለበት፣ ቤንዚን አለበት፣ ያረጀ ጎማ እስከ ጣሪያው ተከምሮበታል። ስለዚህ ሲጋራ መሬት ላይ መጣል ክልክል ነው። ሁሉም ሰው የሲጋራውን ቁራጭ ገንዳው ውስጥ ይጥላል። ገንዳው ከመሐሉ ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ነው፤ ነፋሴ ጎማ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ የሚፈልገው እዚያ ውስጥ ነው። ከበላዩ ቆርቆሮ ላይ "እሳትዎን እዚህ ያጥፉ" ብሎ በቀለም ጽፎበታል። በዚህ ጽሑፍ እንደሚኮራው በሌላ በምንም ነገር አይኮራም። ቁራጩ ውኃው ላይ ሲያርፍ "ጭስስ" ይላል፤ ነፋሴም ከየትም ሆኖ "እግዜር ይስጥልን!" ይላል።

አንድ ሰሞን የቧንቧ ውኃ ጠፋ። ሰፈሩ ጀሪካን ይዞ ሲሰለፍ ነፋሴ የገንዳውን ውኃ የሚደፋበት አንጀት አጣ። ቁራጩን በእጁ እየገፋ ጎማውን ሲነክር ሰነበተ።

አንድ ቀን ጠዋት ጭስ ማውጫ መጣ። ጭስ ማውጫ የአሸዋ መኪና ሾፌር ነው፤ የነፋሴ የልብ ጓደኛ። መኪናው ቢያርፍ እንኳ የእሱ አፍ አያርፍም፤ አንዱን ሲጋራ በሌላው እየለኮሰ ነው የሚውለው። ወደ ኋላ እየነዳ ሲገባ የክሪክን የውኃ ሰሃን ደፈጠጠው። ሰሃኑ እንደ ወረቀት ሳሳ።

"ና ውጣና እይ ጉድህን!" አለ ነፋሴ። "የልጄን ብርጭቆ ሰበርክ!"

"ውይ! ምነው፣ ሌላ እገዛለታለሁ። ደግሞ ለውሻ ሰሃን የሚሰጥ ከአንተ በቀር ማን አለ?"

"ተወው እባክህ። ባሕር የሚያክል ገንዳ እያለው ሰሃን ምን ሊያደርግለት!"

ሁለቱም ሳቁ። ክሪክ የተደፈጠጠውን ሰሃን አሸተተና ሁለቱንም በየተራ አያቸው።

ቀኑ ድንጋይ የሚያቀልጥ ሙቀት ነበረው። ነፋሴ ከጊዜ በኋላ ሲያወራው "አስፋልቱ ላይ የቆመች ታክሲ ጎማዋ ተጣብቆ፣ ሾፌሯ ያለ ጎማ ነው ይዟት የሄደው" ይላል። እሱስ ይቅር፤ መሞቁ ግን እውነት ነው። ከቀትር በኋላ ነፋሴ ገንዳው ላይ አጎንብሶ አረፋ ሲፈልግ ክሪክ ከጎማው ጥላ ሥር ተነሣ። ትንሽ ሄድ እንዳለ እግሮቹ ተጠላለፉበት።

"እየው! እየው!" አለ ጭስ ማውጫ፣ ሲጋራውን እንደነከሰ። "ውሻህ ሞቅ ብሎታል!"

"ደመወዝ ተቀብሎ ይሆናል" አለ ነፋሴ።

ጎማ ሊያስነፉ የተቀመጡት ታክሲ ነጂዎችም አብረው ሳቁ። ከዚያ ከክሪክ አፍ ለሃጭ እንደ ክር ተንዘላዘለ። ሆዱ ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ አለና ቡናማ ውኃ አስታወከ። በውኃው መሐል ያበጠች፣ ነጭ ነገር ነበረች። መንቀጥቀጥ ጀመረ። የብርድ ዓይነት መንቀጥቀጥ አይደለም፤ ኮምፕረሰሩ ሲነሣ የቤቱ ቆርቆሮ እንደሚንቀጠቀጠው ነው። ቀጥ ያለው ጆሮው ወደቀ። ነፋሴ ይህ ጆሮ ሲወድቅ አይቶ አያውቅም፤ ክሪክ እንቅልፍ ሲወስደው እንኳ እንደ ባንዲራ እንጨት ነበር የሚቆመው።

ሳቁ ከነፋሴ ፊት ላይ ሳይጠፋ ቀረ፤ ማጥፋቱን ረስቶት። ከዚያ ጮኸ።

"መርዝ አበሉብኝ! ያቺ ሴትዮ ናት! ያቺ ናት!"

ያቺ የተባለችው ከቁልቁለቱ በታች ችግኝ እያፈላች የምትሸጠው እትዬ ችግኝ ናት። ክሪክ እግሩን ችግኞቿም ላይ ብድግ ስለሚያደርግ "አንድ ቀን ዋጋውን ያገኛል!" ብላ ስትዝት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

"ሴትዮዋን በኋላ ትደርስባታለህ፤ አሁን አንሣው!" አለች የነፋሴ ሚስት፣ ከጓዳ በባዶ እግሯ ወጥታ። "አንተ ሰውዬ፣ ምን ያገትርሃል?"

በጭስ ማውጫ መኪና ጋቢና ውስጥ ነፋሴ ክሪክን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ያዘው። የክሪክ ልብ ጎማ እንደሚነፋ ሞተር ትደልቃለች። ጭስ ማውጫ ድንጋጤው ሲብስበት እንደ ልማዱ አንዱን ለኮሰ። መስኮቱ ዝግ ነው። ክሪክ ጭሱ ውስጥ አስነጠሰ።

"አጥፋው!" አለ ነፋሴ። እንዲህ ብሎት አያውቅም።

ጭስ ማውጫ ግራ እየተጋባ መስኮቱን ከፍቶ ወደ ውጭ ወረወረው።

የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ፀጉሯን በእስክሪብቶ ሰክታዋለች። ክሪክን ብረት ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ የዓይኑን ቆብ ገለጠች፣ ልቡን አዳመጠች።

"ምን በላ?"

"መርዝ ነው ዶክተር! ጎረቤቴ ናት፣ እትዬ…"

"ሲበላ አይተዋል?"

"ኧረ አላየሁም።"

አፉን ከፈተችና አሸተተች። ቀና ስትል ፊቷ ተለዋውጧል።

"ትምባሆ ነው የሚሸተው። ቆይ… ያ ያጨሳል የሚባለው ውሻ ይሄ ነው እንዴ?"

"ዶክተር፣ እሱ ጨዋታ ነው!"

"እንዴት ያለ ጨዋታ?"

"ውሸት ነው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ለሳቅ ብዬ።"

"ጋሼ፣ እዚህ የመጡ ሰዎች በዓይናችን አየን ብለው ነው የነገሩኝ። ሲጋራ ሰጥተውት ከሆነ ይንገሩኝ፤ አልቆጣም። እያወቅሁ ልርዳው እንጂ በጭፍን መርፌ አልወጋም።"

ነፋሴ አፉን ከፈተ። ሃያ ዓይነት ወሬ የሚወጣበት አፍ እውነት ሲፈለግበት ተንተባተበ። "ልጆቼን ይንሳኝ! ሲጋራ በጥርሱ ነክሶ አያውቅም። ዛሬ ምንም አልበላም። ውኃ ብቻ ነው የጠጣው። ሰሃኑ ጠዋት ስለተደፈጠጠ፣ ከገንዳው።"

"ከምን ገንዳ?"

"ጎማ ከምነክርበት ነዋ። ንጹሕ ነው! እኔ ራሴ ቀኑን ሙሉ እጄን የምከትበት!"

"በጣም ንጹሕ ነው" አለ ጭስ ማውጫ ከበሩ ሆኖ፣ ጓደኛውን ሊያግዝ። "ሲጋራችንን እንኳ መሬት ላይ አንጥልም፤ ሁላችንም እዚያው ውስጥ ነው የምናጠፋው።"

 የሐኪሟ እጅ አየር ላይ ቀረ።

"እዚያው ውስጥ?" አለች ቀስ ብላ። "ውኃው ከተቀየረ ስንት ጊዜው ነው?"

"ቧንቧው ከጠፋ ወዲህ አልተቀየረም" አለ ነፋሴ።

"ጋሼ፣ እሳቱን ነው እንጂ ያጠፋችሁት መርዙ የት ይሄዳል? ውኃው ውስጥ ነው የሚቀረው። እናንተ እኮ ትምባሆ ዘፍዝፋችሁ አስቀምጣችኋል። የዋጠው ቁራጭ ካለ ደግሞ ሆዱ ውስጥም ነው።"

ነፋሴ ያቺን ያበጠች ነጭ ነገር አስታወሰ።  መርዙን ያበላው ማን እንደሆነ ገባው፤ ስሙን ግን ጮክ ብሎ መጥራት አቃተው።

"እኔ ሕክምናውን ልጀምርለት። እርስዎ ያንን ውኃ በጠርሙስ ይዘውልኝ ይምጡ፤ ምን ያህል እንደጠነከረ በዓይኔ ልየው" አለች ሐኪሟ። "ቶሎ!"

መኪናው ውስጥ ጭስ ማውጫ ሳያስበው ሌላ ለኩሶ ኖሯል። ነፋሴ ሲያፈጥበት ደንግጦ ወደ መስኮቱ ዘረጋው።

"አትጣለው!"

"ታዲያ ልዋጠው?"

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ነፋሴ በሌላ ቀን ቢሰማው ኖሮ ከመቀመጫው እስኪወድቅ ይስቅ ነበር። አልሳቀም።

ጎሚስታ ቤቱ ሲደርስ ገንዳው ተገልብጧል። ሚስቱ መጥረጊያ ይዛ የቤቱን ሲሚንቶ ትፈገፍጋለች።

"ውኃውስ?"

"ምኑ ውኃ? ትውከቱን አጠብኩበት። የተረፈውን ደፋሁት። ምነው፣ እንዴት ሆነ ልጄ?"

ነፋሴ አልመለሰላትም። ባዶ ጠርሙስ አንሥቶ ከበሩ ወደሚጀምረው ቦይ ሮጠ። በዚህ ቦይ በየጊዜው ሲደፋበት የኖረ ሰው ነው፤ የደፋው የት እንደሚደርስ ግን አንድም ቀን አይቶ አያውቅም። ዛሬ አየ። ቁራጮቹ እንደ ትናንሽ ጀልባ እየተጋፉ ቁልቁል ይወርዳሉ። የዛሬዎቹ ብቻ አይደሉም። በቦዩ ግራና ቀኝ ካቻምና የተጣሉት፣ ከዚያም በፊት የተጣሉት፣ ወረቀታቸው አልቆ ነጭ ገላቸው ብቻ የቀረው፣ አፈር ሳይሆኑ ተደርድረው ያዩታል። ጭስ ማውጫ የሚያጨሰውን ዓይነት በወርቃማ ቀለበቱ ለየው። የራሱንም ለየ። ነፋሴ በዘመኑ ብዙ ውሸት አውርቷል፤ ያን የቆርቆሮ ጽሑፍ የሚያክል ግን አውርቶ አያውቅም።

ቦዩ የሚያልቀው ጉድጓድ ላይ ነው። ጉድጓዱ አጠገብ እትዬ ችግኝ አጎንብሳ ማጠጫዋን እየሞላች ነው። ቧንቧው ከጠፋ ወዲህ ችግኞቿን የምታጠጣው ከዚሁ ነው።

"አታጠጪ!" አለ ነፋሴ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። "እትዬ፣ አታጠጪ! መርዝ ነው!"

እትዬ ችግኝ ቀና ብላ አየችውና በእጇ ወገቧን ያዘች።

"ዛሬ ደግሞ ምን ይዘህ መጣህ? ሂድ እባክህ፣ ለሳቅ ጊዜ የለኝም።"

"ሳቅ አይደለም! ክሪክ ይህን ጠጥቶ ሊሞትብኝ ነው!"

"ክሪክማ ያጨስ የለ እንዴ? ይችለዋል።"

"እትዬ፣ ስወድሽ!"

ድምፁ ነው ያስደነገጣት። ማጠጫዋን አስቀመጠች። ነፋሴም ያን ጊዜ ከጀርባዋ ያሉትን መደቦች አየ። በፕላስቲክ ከረጢት የተተከሉት ችግኞች ረድፍ ረድፋቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ቅጠላቸው ግን ከጫፉ እየጠቆረ ተጨማዷል። በእያንዳንዱ ችግኝ ሥር፣ አፈሩ ውስጥ፣ የሲጋራ ቁራጭ በጥንቃቄ ተሰክቷል። እንደ ሻማ።

"ይሄ… ማን ነው የከተተው?"

"ማን ይክተት? እኔ ነኝ እንጂ።" እትዬ ችግኝ ተገረመች። "አንተ አይደለህም እንዴ የነገርከኝ? ቦዩን በዚህ ሞላኸው ብዬ ብጮህብህ፣ 'እትዬ፣ ጥጥ ነው፣ ማዳበሪያ ይሆናል፣ ሥሩ ላይ ክተችው' አላልከኝም? እኔም እየለቀምኩ ከተትኩ። ይኸው ሁለተኛ ጊዜ ዘርቼ ሁለተኛ ጊዜ ደረቀብኝ። ዓይን በላው እያልኩ ሳለቅስ ነው የከረምኩት።"

ነፋሴ ያን ቀን ትዝ አለው። ከሄደች በኋላ ከጭስ ማውጫ ጋር ሆነው ሆዳቸውን ይዘው የሳቁበት ቀን ነው።

"ውሸቴን ነው" አለ። "እትዬ፣ ውሸቴን ነበር።"

እትዬ ችግኝ ቁጭ ብላ ከአንዱ ችግኝ ሥር ቁራጩን ነቀለችና መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። ከዚያ ጠርሙሱን ከእጁ ተቀብላ ከጉድጓዱ ሞላችለትና "ሂድ፣ ለውሻህ ድረስለት" አለችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ሐኪሟ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው። ከቦዩ ጭቃ ጋር ተቀላቅሎ እንኳ ጠቆር ያለ ሻይ ይመስላል። ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና ፊቷን መለሰች።

"ይህን ጠጥቶ እዚህ መድረሱ ራሱ…" አለች፤ አልጨረሰችውም። ክሪክ አፉ ዙሪያ መርዝ በሚመጥ የከሰል ዱቄት ጠቁሮ፣ እግሩ ላይ የግሉኮስ ቱቦ ተሰክቶለት ተኝቷል። "የሲጋራውን ጫፍ ጥጥ ነው ይሉታል ሰዎች። ጥጥ አይደለም፣ ጋሼ፤ ፕላስቲክ ነው። አይበሰብስም። ለማንኛውም ልቡ ከቻለ ጠዋት ያገኙታል። ካልቻለ እደውላለሁ።"

ነፋሴ ቤቱ ገብቶ እጁን ታጠበ። አሸተተው። እንደገና ታጠበ። ከሰዓት በኋላ ሁሌ ራሱን የሚያዞረውን ነገር ፀሐይ ነው ሲል ኖሯል፤ አሁን ፀሐይ መሆኑን እርግጠኛ አይደለም። ሚስቱ ስልኩን መሐላቸው አስቀምጣ ተቀመጠች።  ነፋሴ ሳያወራ ያመሸበት ቀን ከሠርጋቸው ወዲህ መኖሩን እሷ አታስታውስም።

ስልኩ አልጮኸም።

ጠዋት ክሪክ ዓይኑን ገልጦ ጠበቀው። ጅራቱ ጠረጴዛውን አንዴ መታ። ሐኪሟ "እስቲ ደጅ ያውጡት፣ ይቁም እንደሆነ እንየው" አለች። ደጅ ላይ የሷ መኪና ቆማለች፤ ገና ታጥባ ውኃዋ አልደረቀም። ክሪክ ከነፋሴ እቅፍ ወርዶ ተንገዳገደ። ወደ ፊት ጎማው ሄደ። አሸተተው። እግሩን ብድግ ሲያደርግ ወደቀ። ተነሣና እንደገና ሞከረ።

ነፋሴ ሊያባርረው እጁን ሲዘረጋ ሐኪሟ ክንዱን ያዘችው። "ይተዉት። ይጨርስ።"

ጎማዋን አራሰላት። ነፋሴ መሐረብ ፍለጋ ኪሱን ዳበሰና ያገኘው የሲጋራ ፓኮ ነበር። ይዞት ቆመ፤ ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት።

ከሰዓት በኋላ ጎሚስታ ቤቱ በሰው ተሞላ። ገንዳው ተፈግፍጎ፣ ሚስቱ በጀሪካን ተሰልፋ ባመጣችው ውኃ ተሞልቷል። ጽሑፉ ያለበት ቆርቆሮ ተገንጥሏል። ነፋሴ ከሐኪሟ የመለሰውን ጠርሙስ የማስቲሽ መደርደሪያው ላይ አቁሞ፣ የሆነውን ሁሉ ከሰሃኑ ጀምሮ ነገራቸው። አንዲት ቃል አልጨመረም።

ታክሲ ነጂዎቹ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

"እንደ ሻማ ተሰክቶ!" አለ አንዱ ጭኑን እየመታ። "ከየት ነው የምታመጣው ግን? ይሄ ከበረርክበትም ይበልጣል!"

"እውነቴን ነው። ጭስ ማውጫን ጠይቁት!"

ጭስ ማውጫ ከበሩ አጠገብ ቆሟል፤ ጠዋት የገዛውን አዲስ ሰሃን በብብቱ ይዟል። አልሳቀም።

"እሺ፣ ውሸት ነው" አለ ነፋሴ። ጠርሙሱን አንሥቶ ለሳቂው ሰጠው። "በል አንድ ጉንጭ ቅመስና ውሸታም በለኝ።"

"ምን ችግር አለው?" አለ ሰውየውና ለሰው እያሳየ ክዳኑን ከፈተ።

ሽታው ቤቱን ሞላው። ከገንዳው ሥር ተኝቶ የነበረው ክሪክ ከወገቡ በላይ ተነሣ። ቀጥ ያለው ጆሮው ጭንቅላቱ ላይ ተለጠፈ። እየተንቀጠቀጠ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ አለና ጎማ ክምሩ መሐል ገብቶ ተወሸቀ፤ ጅራቱ ብቻ ቀረ።

ክሪክ ውሸት አያውቅም። ሰውየው ክዳኑን መለሰ። የሳቀ አልነበረም።

ጭስ ማውጫ በጣቱ መሐል የያዘው ሲጋራ ነዶ ነዶ ሊያልቅ ነው። በልማድ ወደ ገንዳው ዘረጋው፤ ውኃው ጥርት ብሎ ፊቱን መልሶ አሳየው። እጁን ሰበሰበ። መሬቱን አየ። ቦዩን አየ። እሳቱ ጣቱን ሲልሰው እንኳ አልጣለውም።

"ነፋሴ" አለ፣ እንደ ልጅ። "የት ልጣለው?"



ጭስ ማውጫ በጫማው ሶል ላይ ደፍጥጦ አጠፋው፣ ባዶ የክብሪት ሳጥን ውስጥ ከተተው፣ ሳጥኑን ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ አኖረው። ሰሃኑን ጎማ ክምሩ አጠገብ፣ ጅራቱ በሚታይበት በኩል አስቀመጠ። ከዚያ እንዳይጨስበት ኪሱን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ ወደ መኪናው ሄደ።